ሰውን ከቦታው ማስነሣትን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ግሦችና የመሐንዲሱ ኃላፊነት

(በነቀምቴ ከተማ፣ ጨለለቂ፣ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላትና የሙያ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ ወይም ስለ ወንዝ ፍሰት መናገር የተለመደ ነው። ስለ ግሥ መናገር ግን እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ መንገድ ሲቀየስ፣ ግድብ ሲገደብ፣ ፋብሪካ ሲተከል ከመሬቱ ላይ የሚነሣ ሰው አይጠፋም። የዚያን ሰው ሁኔታ የሚገልጸው ቃል መጀመሪያ የሚጻፈው ደግሞ በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም በጋዜጣ ዓምድ ላይ ሳይሆን በመሐንዲሱ የጥናት ሰነድ ላይ ነው። ሰነዱ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል፤ ለሕዝቡ የሚነገረው ግን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው። በሁለቱ መካከል የትርጉሙ ሥራ የሚወድቀው፣ ተወደደም ተጠላ፣ በቦታው ላይ በተገኘው ባለሙያ ጫንቃ ላይ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ የሰዋስው ትምህርት መስጠት አይደለም። ዓላማው አንድን ሰው ከቦታው ለማንሣት በእንግሊዝኛ የሚሠራባቸው ግሦች በጥቂቱ እየተለያዩ ልዩ ልዩ መብትና ግዴታ የሚያስከትሉ መሆናቸውን ማሳየት፣ ወደ አገር ቋንቋ ሲመለሱም ልዩነቱ የሚጠፋበትን ስፍራ ማመልከት ነው። ቃሉ ሲጠፋ ከቃሉ ጋር ካሳው የሚጠፋበት ሰው አለና።

1. ግሦቹና የሚመልሷቸው ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ ከላቲን፣ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛና ከጀርመናዊ ቋንቋዎች የወረሳቸው፣ ሰውን ካለበት ማስወጣትን የሚገልጹ ብዙ ግሦች አሉት። በመዝገበ ቃላት ላይ ተደርድረው ሲታዩ አንዱ ሌላውን የሚተካ ይመስላል። በሥራ ላይ ሲውሉ ግን እያንዳንዳቸው ለአምስት ጥያቄዎች የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። ያስወጣው ማን ነው? በምን ሥልጣን? ከምን አስወጣው? ወዴት? መመለስስ ይፈቀድለታል?

«ኢቪክት» የሚለው ግሥ ማሸነፍ ከሚል የላቲን ቃል የመነጨ ነው። በጥንቱ የሕግ ቋንቋ ባላጋራን በሙግት ረትቶ ንብረትን ማስመለስን ያመለክት ነበር። ዛሬም የሚያገለግለው ቤት ወይም መሬት ይዞ የተቀመጠ ሰው፣ በዚያው ንብረት ላይ የበለጠ መብት አለኝ በሚል ወገን እንዲለቅ ሲደረግ ነው። ባለቤት ተከራዩን፣ ባለርስት ጭሰኛውን «ኢቪክት» ያደርጋል። ስለዚህ ቃሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው የይዞታን ጥያቄ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 7 በዚህ ቃል ላይ «ፎርስድ» የሚል ቅጽል ጨምሮ፣ ተገቢ የሕግ ጥበቃ ሳይደረግ ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው ከመኖሪያቸው ማስወጣትን ለይቶ ተርጉሞታል። ቅጽሉ ያስፈለገው ግሡ ብቻውን ሲቆም ሕጋዊውንም ሕገ ወጡንም ስለሚያጠቃልል ነው።

«ኤክስፔል» ደግሞ መንዳት ወይም መግፋት ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን፣ ሰውን ከአንድ አካል አባልነት ማስወጣትን ይገልጻል። ተማሪ ከትምህርት ቤት፣ አባል ከማኅበር፣ የውጭ አገር ሰው ከአገር በዚህ ግሥ ይወጣል። «ኢጀክት» መወርወር ማለት ነው፤ ፈጣንና አካላዊ ነው፤ ሰካራም ከመጠጥ ቤት፣ አብራሪ ከሚቃጠል አውሮፕላን የሚወጣው በዚህ ነው። «አውስት» የሚነገረው ተወዳዳሪ ወገን አንዱን አስወጥቶ ራሱ በቦታው ሲተካ ነው፤ አማርኛው ሻረ ወይም ከሥልጣን አስወገደ ይለዋል። «ዲፖዝ» ለዙፋንና ለከፍተኛ ሹመት የተጠበቀ ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ የዓለም ጋዜጦች የተጠቀሙበት ግሥ ይኸው ነበር። «ዲስሚስ» በላቲኑ መላክ ማለት ነው፤ ሠራተኛ ከሥራው ሲሰናበት ያገለግላል።

ከአገር ማስወጣትን በሚመለከት ሦስት ግሦች ሊለዩ ይገባል። «ባኒሽ» ከአዋጅ ጋር የተያያዘ ነው፤ በገዢ ቃል «እዚህ እንዳትታይ» ተብሎ የተነገረበትን ሰው ያመለክታል። «ኤግዛይል» ከአገር ርቆ መኖርን ያሰምራል፤ ሰው በግድም በፈቃዱም «ኤግዛይል» ሊሆን ይችላል። «ዲፖርት» ተሸክሞ መውሰድ ማለት ነው፤ በዛሬው አጠቃቀም መንግሥት ዜጋው ያልሆነውን ሰው በሕግ ከድንበሩ የሚያስወጣበት ነው። እንግዲህ «ዲፖርት» የሚለው ቃል በተነገረ ቁጥር «ሰውየው ዜጋ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል። በ1990 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ጊዜ ከሁለቱም አገሮች ሰዎች ድንበር ተሻግረው እንዲወጡ ሲደረግ ከባዱ የሕግ ክርክር ያረፈው በዚሁ በዜግነት ጥያቄ ላይ ነበር።

በመጨረሻ የሚመጡት መሐንዲሱን በይበልጥ የሚመለከቱት ናቸው። «ኢቫኩዌት» ባዶ ማድረግ ማለት ነው፤ ግሡ የሚያየው ሰውየውን ሳይሆን ቦታውን ነው፤ ጎርፍ ወይም እሳት ሲመጣ ለሰዎቹ ደኅንነት የሚደረግና አደጋው ሲያልፍ መመለስ የሚጠበቅበት ነው። «ሪሎኬት» እና «ሪሴትል» መድረሻን ይጠራሉ፤ ሰውየው የሚሄድበት የታወቀ ስፍራ እንዳለ ይናገራሉ። «ዲስፕሌስ» ግን ቦታ ማሳጣትን ብቻ ነው የሚገልጸው። በሜካኒክስ ትምህርት ይህ ቃል መነሻና መድረሻ፣ መጠንና አቅጣጫ ያለው ነገር ነው። በሰው ላይ ሲነገር ግን መነሻው እንጂ መድረሻው አይታወቅም። መሐንዲሱ ቃሉን ከፊዚክስ ስለለመደው በሰውም ላይ ሲያነበው መድረሻው ያለ ይመስለዋል፤ ብዙ የጥናት ሰነዶች የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

2. በአገር ቋንቋ ያሉ ተመሳሳይ ቃላት

አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። አባረረ፣ አስወጣ፣ አስለቀቀ፣ ነቀለ፣ አፈናቀለ፣ አስነሣ፣ ገፋ፣ ሻረ፣ አሰናበተ፣ አጋዘ፣ አሳደደ የሚሉት ሁሉ የየራሳቸው ስፍራ አላቸው። አስለቀቀ ከ«ኢቪክት» ጋር ይቀራረባል፤ የያዘውን እንዲለቅ ማድረግ ነውና ይዞታን ይጠራል። አባረረ ለ«ኤክስፔል» እና ለ«ዲስሚስ» ያገለግላል፤ አሰናበተ ያንኑ በአክብሮት ይናገራል። አጋዘ ከ«ባኒሽ» ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን የአገራችን ግዞት አብዛኛውን ጊዜ ከአገር መውጣት ሳይሆን በአገር ውስጥ በተወሰነ ስፍራ መታገድ ስለነበረ፣ እንግሊዝኛው አትገኝ የሚለውን አማርኛው ከዚህ አትውጣ ይለዋል።

ነቀለ የእርሻ ቃል ነው፤ ሥር ያለው ነገር ከነሥሩ መውጣቱን ይናገራል። አፈናቀለ ፈነቀለ ከሚለው ጋር ዝምድና ያለው ነው፤ ድንጋይን በዘንግ ከተቀመጠበት ማንሣት ነው። መፈንቅለ መንግሥት የሚለውም ከዚሁ ወጥቷል። የተፈነቀለ ድንጋይ ከስፍራው ተነሥቶ ይንከባለላል፤ የት እንደሚያርፍ ግን ግሡ አይናገርም። በዚህ ረገድ አፈናቀለ ለ«ዲስፕሌስ» እጅግ የቀረበ ትርጉም ነው።

አፋን ኦሮሞም ተመሳሳይ ክፍፍል አለው። «ቡቂሱ» ልክ እንደ ነቀለ ከሥር ማውጣት ሲሆን የተፈናቀለ ሰው የሚጠራበት ስም ከዚሁ ይወጣል። «አሪኡ» ማባረር ነው። «በቀቹ» ከአደጋ መሸሽ ነው። «ጎዳኑ» ደግሞ ለኑሮ ከስፍራ ወደ ስፍራ መዛወር ነው። በነቀምቴ ገበያ ቆሞ ሁለቱን ቋንቋዎች የሚሰማ ሰው «ጎዳኑ» እና «ቡቂሱ» አንድ እንዳልሆኑ ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

ችግሩ የሚነሣው በሕዝቡ ንግግር ሳይሆን በጽሕፈት ቤት ቋንቋ ላይ ነው። የጽሕፈት ቤቱ አማርኛ የተገፋውን ሰው ራሱ አድራጊ አስመስሎ የመጥራት ልማድ አለው። ለልማት ሲባል ቤቱ የፈረሰበት ሰው «የልማት ተነሺ» ይባላል። ተነሣ የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው፤ በሌላ እጅ መነሣትም፣ ከመቀመጫ በራስ ፈቃድ ብድግ ማለትም ነው። ስለዚህ ተነሺ ሲባል አንሺው ማን እንደሆነ አይታወቅም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች ወደ ወለጋና ወደ ሌሎች የደቡብ ምዕራብ ክፍላተ ሀገር ሲወሰዱ «ሰፋሪ» ተባሉ፤ ከእነርሱ ውስጥ በፈቃዱ የመጣም ያለ ፈቃዱ የተጫነም ነበረ፤ ቃሉ ግን ሁሉንም በራሱ እግር መጥቶ የሰፈረ አስመሰለው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲባረሩ እንግሊዝኛው «ዲፖርቲ» ሲላቸው አማርኛው «ከስደት ተመላሽ» አላቸው።

እንግሊዝኛውም ከዚህ ነቀፌታ ነጻ አይደለም። «ዲስፕሌስድ ፐርሰንስ» በሚለው አነጋገር ተገፊው አለ፤ ገፊው የለም። ልዩነቱ እንግሊዝኛው ገፊውን ሲደብቅ መገፋቱን አለመደበቁ፣ የጽሕፈት ቤቱ አማርኛ ግን ሁለቱንም መደበቁ ነው።

3. ሕጉ ምን ይላል?

ይህ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ሕጉ ራሱ ያረጋግጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1460 ላይ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ባለቤትነቱን እንዲለቅ የሚያስገድድበትን ሥርዐት ይደነግጋል። በእንግሊዝኛው «ኤክስፕሮፕሪዬሽን» የተባለው ይህ ሲሆን፣ ቃሉ «የራስ» የሆነውን ከሰው ማውጣት ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚወጣው ንብረቱ ከሰውየው እጅ እንጂ ሰውየው ከቦታው አይደለም። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ መሬት የግል ንብረት መሆኑ ቀርቷል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚለቀቀው ባለቤትነት ሳይሆን ይዞታ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 በጥንቃቄ ለሚያነበው ትምህርት የሚሰጥ ነው። ስለ አርሶ አደሮች በሚናገረው ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ የተጠቀመበት ቃል ከመሬት ያለመነቀል ሲሆን፣ እንግሊዝኛው «ኢቪክሽን» ይላል። ስለ ዘላኖች በሚናገረው ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ግን ያለመፈናቀል ተብሎ፣ በእንግሊዝኛው «ዲስፕሌስ» ተብሏል። ልዩነቱ ትርጉም አለው። ገበሬ በአንድ ማሳ ላይ ሥር የሰደደ ይዞታ ስላለው ይነቀላል። ከብት አርቢ ግን ሥሩ በአንድ ማሳ ላይ ሳይሆን በተዘረጋ የግጦሽና የውኃ መስመር ላይ ስለሆነ፣ ማንም ከጎጆው ሳያስወጣው መስመሩ ሲቆረጥ ይፈናቀላል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ከተፈናቀሉት ጋር ኑሯቸው የተነካባቸውንም ጨምሮ የካሳ መብት ይሰጣቸዋል። ኑሮው የተነካበት ሰው ከቦታው የተነሣ መሆን የለበትም።

ወደ ዝርዝር ሕጎች ሲወረድ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይለያያሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 በእንግሊዝኛ ርእሱ «ኤክስፕሮፕሪዬሽን» እና «ዲስፕሌስድ ፒፕል» የሚሉ ቃላት ሲኖሩት፣ በአማርኛ ርእሱ መጀመሪያው «የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበት»፣ ሁለተኛው «ተነሺዎች» ሆኗል። በእንግሊዝኛው የተወሰደበት ሰው በአማርኛው የለቀቀ ሆኗል፤ በእንግሊዝኛው የተፈናቀለው በአማርኛው የተነሣ ሆኗል። ሕጉ በመብት ረገድ ከቀደመው የተሻለ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢውን አሥር እጥፍ ሲያስብለት፣ አዋጅ ቁጥር 1161 ሲወጣ በሦስት ዓመት ውስጥ ካገኘው ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በአሥራ አምስት አባዝቷል። ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚሠራው በስም ዝርዝሩ ውስጥ ለገባ ሰው ብቻ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው ማን እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ የስያሜው ስፋት ነው።

4. ሳይነሣ የተፈናቀለ

የወለጋ መሐንዲሶች በቅርብ የሚያውቁት ምሳሌ አለ። የፊንጫ የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ ሲጀምር ውኃው የተጠራቀመው በጮመን ረግረግና በዙሪያው በነበረው ሜዳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የአመርቲ ወንዝ ተጠልፎ ወደዚሁ ሐይቅ እንዲገባ ተደረገ። ማመንጫው ዛሬ 134 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው፤ ለአገሪቱ ኤሌክትሪክ ያደረገው አስተዋፅኦ የማይናቅ ነው።

በመሐንዲስ ዓይን ረግረግ ማለት ርካሽ መሬት ነው፤ ቤት አይሠራበትም፤ አይታረስም። ለከብት አርቢው ግን በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ሣር የሚገኝበት የግጦሽ ስፍራ ነበር። ውኃው ሲወጣ መኖሪያው የተጥለቀለቀበት ገበሬ ተነሣ ተባለ። ቤቱ በዳገቱ ላይ ሆኖ የግጦሽ ሜዳው ብቻ የተጥለቀለቀበት ሰው ግን ከቦታው አልተነሣም። ከብቱን ይዞ ወደ ተዳፋቱ ወጣ፤ ቀድሞ ያልታረሰውን ቁልቁለት አረሰ። አፈሩ በዝናም እየታጠበ ወደ ሐይቁ ወረደ። የሐይቁን ዕድሜ የሚያሳጥረው ደለል ከፊሉ ያለ ስያሜ ከተተወው ሰው ማሳ የመጣ ነው። በዚህ አኳኋን የቃሉ ጉድለት ዞሮ የምሕንድስና ጉድለት ሆነ።

የዓለም ባንክ በግድ ስለሚደረግ የሰው ማዛወር ሥራ የመጀመሪያውን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ፊንጫ ሥራ ከጀመረ ከሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም አቀፍ አሠራር መፈናቀል በሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ሰውየው ከመኖሪያው የሚነሣበት አካላዊ መፈናቀል ነው። ሁለተኛው ቤቱ ሳይነካ መተዳደሪያው የሚቋረጥበት ኢኮኖሚያዊ መፈናቀል ነው። ተነሺ የሚለው ቃል የመጀመሪያውን ብቻ ይሸፍናል። ከቦታው ያልተነሣን ሰው ተነሺ ማለት አይቻልምና ሁለተኛው ሰው በአማርኛ ቅጽ ላይ የሚጻፍበት ዓምድ አያገኝም።

ይህ ዓይነቱ መፈናቀል በሌላ መልክ በነቀምቴ ታሪክ ውስጥም ታይቷል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ የተረጎሙት አናሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ተነጥቀው የተሸጡ፣ በምጽዋ ነጻ የወጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ የመጡ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1906 በተመሠረተባቸው ክስ ግዞት ተፈረደባቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። የመጀመሪያው ፍርድ ከቦታቸው የሚያስወጣ፣ ሁለተኛው ከሥራቸው የሚያስወጣ ነበር። በከተማይቱ እየኖሩ ከሥራቸው የወጡበትን ያን ጊዜ ግዞት ማለት አይቻልም፤ ምንም አልደረሰባቸውም ማለትም አይቻልም።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ነቀምቴ ራሷ የተፈናቀሉ ሰዎችን የተቀበለች ከተማ ናት። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ ዞን በግጭት ምክንያት የወጡ ብዙ ሰዎች በምሥራቅና በምዕራብ ወለጋ ከተሞች ተጠልለው ነበር። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት በወለጋ ውስጥ በደረሰው ግጭት የልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል፤ ከእነርሱም መካከል ቀደም ሲል «ሰፋሪ» ተብለው የመጡት ልጆችና የልጅ ልጆች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጡት የተባበሩት መንግሥታት መሪ መርሆዎችና እ.ኤ.አ. በ2009 የተፈረመው የካምፓላ ስምምነት በአገር ውስጥ የተፈናቀለ ሰው የሚሉት በጦርነትና በግጭት የወጣውን ብቻ ሳይሆን በተፈጥሮ አደጋ የወጣውንም ነው፤ በቂ ምክንያት በሌለው የልማት ሥራ ሳቢያ የሚደረግን መፈናቀልም ይከለክላሉ። ስለዚህ በጥይት የተፈናቀለውና በግሬደር የተፈናቀለው በሕግ ዓይን ፍጹም የተለያዩ ዓለማት ሰዎች አይደሉም።

5. አንድ የከተማ መንገድ ሲሰፋ

ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንደ ስሌት ጥያቄ ይቅረብ። ነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጊምቢ፣ ወደ በደሌና ወደ ቡሬ የሚወስዱ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ጨለለቂን በመሰለ ሰፈር የሚያልፍ አንድ መንገድ በሁለቱም ጎን በጥቂት ሜትር ይስፋ ቢባል፣ በዕቅዱ መስመር ውስጥ የሚገኙት ሰዎች ምን ይባላሉ?

የመጀመሪያው የይዞታ ማረጋገጫ ያለው ባለቤት ነው። የእርሱ ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ይወሰዳል፤ «ኤክስፕሮፕሪዬሽን» ነው። ካሳና ምትክ ቦታ ይገባዋል።

ሁለተኛዋ በዚያው ግቢ አንድ ክፍል የተከራየች እናት ናት። ከእርስዋ የሚወሰድ ይዞታ የለም፤ ነገር ግን ከመኖሪያዋ ትወጣለች፤ «ኢቪክት» ትደረጋለች። በባለቤቱ ካሳ ውስጥ የእርስዋ ድርሻ ካልተጻፈ አንድም ወረቀት አይጠራትም።

ሦስተኛው ያለ ማረጋገጫ ለብዙ ዓመት የኖረ ሰው ነው። አባርሩት የሚል ትእዛዝ ይመጣበታል። እዚህ ላይ አስለቀቀ የሚለውን ትቶ አባረረ የሚለውን የጻፈ ባለሙያ፣ ሰውየው ይዞታ እንዳልነበረው አስቀድሞ ፈርዷል፤ ይህን መፍረድ ግን የመሐንዲስ ሥራ አይደለም።

አራተኛዋ በመንገዱ ዳር በጉልት የምትሸጥ ናት። ቤትዋ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ አይነካም። ገበያዋ ግን ይጠፋል። በኢኮኖሚ ተፈናቃይ ናት፤ ተነሺ በሚለው ቅጽ ላይ ግን አትገኝም።

አምስተኛው ቤቱ ከመስመሩ ውጭ የሆነ፣ ነገር ግን የመንገዱ ከፍታ ከበሩ ደረጃ በላይ ስለሚሆን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚገባበት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ማንም አያስነሣውም። በሦስተኛው ዓመት ራሱ ቤቱን ትቶ ይሄዳል። የሄደው ግን በፈቃዱ አይደለም፤ የቦዩ ንድፍ ገፍቶታል።

እነዚህ አምስት ሰዎች በአንድ የሥራ ዝርዝር ውስጥ የሚጠሩት በአንድ ሐረግ ነው፤ «ወሰን ማስከበር»። እንግሊዝኛው «ራይት ኦቭ ዌይ» የሚለው የማለፍ መብትን ነው። አማርኛው ግን ወሰን ማስከበር ባለ ጊዜ ወሰን የተደፈረ፣ በመስመሩ ውስጥ የተገኘውም ሁሉ ወሰን ደፋሪ ሆኖ ይታያል። መንገዱ ወደ ሰውየው ቤት መጣ እንጂ ሰውየው ወደ መንገዱ አልመጣም። ቃሉ ግን ነገሩን ገልብጦ ያቀርበዋል። የግንባታ ሥራ «በወሰን ማስከበር ችግር ምክንያት ዘገየ» ተብሎ ሪፖርት ሲጻፍ፣ እውነተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ካሳ ያልተከፈለው ሰው ቤቱን አልለቅም ማለቱ ነው። ምክንያቱ በስሙ ቢጠራ መፍትሔውም በጊዜ በተገኘ ነበር።

6. ከባለሙያው የሚጠበቀው

መሐንዲስ ሕግ አያወጣም፤ ካሳ አይተምንም። ነገር ግን መስመሩን የሚያሰምረው፣ በመስመሩ ውስጥ ያለውን የሚቆጥረውና የሚሰይመው እርሱ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች በሥራው ሊታሰቡ ይገባል።

አንደኛ፣ በማናቸውም የጥናት ሰነድ ላይ ሰዎች ከቦታቸው እንደሚነሡ ሲገለጽ ከላይ የተጠቀሱት አምስቱ ጥያቄዎች በየቤተሰቡ ይመለሱ። ማን፣ በምን ሥልጣን፣ ከምን፣ ወዴት፣ እስከ መቼ የሚሉት ዓምዶች ባዶ እንዲቀሩ አይፈቀድ። ወዴት በሚለው ዓምድ ላይ የሚጻፍ ስፍራ ከሌለ፣ በእንግሊዝኛው «ሪሴትልመንት» ተብሎ የተጻፈው ተሰርዞ «ዲስፕሌስመንት» ይባል። ፕሮጀክቱን የሚያጸድቀው ወገን እውነቱን አውቆ ይወስን።

ሁለተኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ ሲተረጎም አድራጊው አይጥፋ። «ነዋሪዎች ይነሣሉ» ከማለት «የመንገድ ሥራው ነዋሪዎችን ያስነሣል» ማለት ይሻላል። በአንድ ፊደል መጨመር የሚመጣው ልዩነት ለግዴታው ባለቤት ያበጅለታል።

ሦስተኛ፣ ቤቱ ሳይነካ ኑሮው የሚነካበት ሰው ራሱን የቻለ ስም ይኑረው። ሕገ መንግሥቱ «ኑሮአቸው የተነካባቸው» ብሎ ቃሉን አበጅቷል፤ የቀረው ወደ ሥራ ቅጾች ማውረድ ነው።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። የእንግሊዝኛውን ግሥ ጠንቅቆ ማወቅ ለመሐንዲስ አስፈላጊ ነው፤ ውሉም ብድሩም በዚያ ቋንቋ ይጻፋልና። ይሁን እንጂ በመስመሩ ላይ ችካል ሲተከል ከቤቱ ወጥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው መልሱን የሚሰማው በገዛ ቋንቋው ነው። ያ ሰው ይነቀላል ወይስ ይዛወራል፣ ለቀቀ ወይስ ተወሰደበት የሚለውን ባለሙያው አስቀድሞ ለይቶ ሊያውቅና ሊነግረው ይገባል።